በነጠላ የሸፈንኩት ባልዲ

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወጥቼ ባሕር የሚባለውን ነገር ካየሁ ሦስት ወር አልሞላኝም፤ አሰብ ዳርቻ ላይ ቆሜ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እሰልል ነበር። እሰልል ያልኩት ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። ስንት ዓሣ እንዳወጣ፣ የትኛውን መልሶ ወደ ውሃው እንደሰደደ፣ የትኛውን በጆንያ ከትቶ ወደ ድንጋዮቹ ጀርባ እንደወሰደ አንድ በአንድ በልቤ እይዝና ማታ ለአለቃዬ እነግራለሁ። ሥራዬ ዓሣ ማጠብ ነው፤ ይሄኛው የተደረበ ነበር።

አሁን ሥራ አቁሜያለሁ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች አንዲት ጠባብ ዓሣ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ቢላ ይዤ ቆምኩና፣ ባለፈው ወር ጣቶቼ እንቢ ስላሉኝ ሽርጤን ፈታሁ። የቤቱ ባለቤት አቶ ታምራት፣ “ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ለእነዚህ ልጆች የሚያውቁትን ሳይነግሯቸው አይሂዱ” አለኝ። አፍ አውጥቼ ብነግራቸው ይስቃሉ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። አጻጻፌን ይቅር በሉኝ፤ ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን የተማርኩት ዓሣ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ደግሞ ሁልጊዜ መሃሉ ርሶ የጠፋ ስለሚሆን፣ የጎደለውን ታሪክ ራሴ እየሞላሁ አነብ ነበር። ወሬ መውደዴም ሰው መጠርጠሬም ሳይብስ አልቀረም ከዚያ ወዲህ።

አሰብ የሄድኩት እህቴ ዘንድ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እታለም ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ባሏ ጋሼ ተፈራ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። እሷ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትሠራለች። የእታለም ጥልፍ ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው ከፊቱ አይለይም፤ ቋጠሮ አይታይበትም። ለሰርግ የሚያሠሩ ሴቶች ከአዲስ አበባ ድረስ ጨርቅ ይልኩላት ነበር። በዚያ ሙቀት ላቧ ሐሩን እንዳያበላሽባት፣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን በየደቂቃው በነጭ ጨርቅ ትጠርጋለች። እነዚያን ሁለት ጣቶች ያዙልኝ።

የመጀመሪያ አለቃዬ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ፤ ወደቡ አጠገብ ምግብ ቤት ነበራቸው። የቀጠሩኝ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

“አንቺ ልጅ፣ ዓሣ ታውቂያለሽ?” አሉኝ።

“ተጠብሶ አውቀዋለሁ፣ እትዬ።”

“ተጠብሶማ ድመቱም ያውቀዋል! ስሚ፤ እዚህ የሚበላ ሰው ጾመኛ ነው፣ አጥባቂ ነው። ቅርፊትና ክንፍ ያለውን ታመጫለሽ፤ የሌለውን ዓይንሽንም እንዳትጥይበት። ኦሪት ነው። ሁለተኛ ያ ዓሣ የሚያመጣልን ሽማግሌ ነው። ጥሩ ጥሩውን እየደበቀ እዚህ ላለው ትልቁ ሆቴል ወጥ ቤት ይሰጣል ይሉኛል። ባሕርና ባለባሕር አንድ ናቸው፤ የሚያሳዩሽን ብቻ ነው የምታዪው። እየሄድሽ አጠገቡ ቁጭ በዪ። ማጥመድ ልማር በይው።”

እንዲህ ነው ሙያዬን የጀመርኩት፤ በስለላ።

ሽማግሌው ጋሽ ዑመር ናቸው። አፋር ናቸው፤ ቀጭን፣ ፀሐይ ያደረቃቸው፣ አማርኛቸው ቀስ ያለ። ጀልባ የላቸውም፤ ከጨው ማምረቻው ወዲያ ካለው ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ቆመው ክር ይጥላሉ። ያላቸው ዕቃ በእንጨት ላይ የተጠቀለለ የናይሎን ክር፣ ክሩን የሚያከብድ እርሳስ፣ መንጠቆ፣ ጫፉ ሹካ የሆነ በትር፣ በባሕር ውሃ የራሰ ጆንያ፣ በሲባጎ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለች ፒንሳ፣ በቃ።

መጀመሪያ የጠረጠርኳቸው በመንጠቆው ነው። መንጠቆ፣ ያየ ያውቃል፣ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለችው። ዓሣው እንዳያመልጥ ቀፍድዳ የምትይዘው እሷ ናት። ጋሽ ዑመር ግን አዲስ መንጠቆ እጃቸው ሲገባ ያቺን እሾህ በፒንሳ ጭነው ያስተኟታል። አጥማጅ የገዛ ማጥመጃውን ሲያበላሽ አያችሁ?

“ጋሽ ዑመር፣ ለምን ያስተኙታል?”

“የማልፈልገው ሲመጣ ቶሎ እንድንላቀቅ።”

“የማይፈልጉት ሊይዝዎት ነው እንዴ?”

“ልጄ፣ ክር ሁለት ጫፍ አለው። እኔ እይዘዋለሁ፣ እሱም ይይዘኛል።”

ማታ ለእትዬ ዘነቡ ይህን ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። “አየሽ? ለሆቴሉ ሰው ምልክት ነው” አሉኝ። መንጠቆ እንዴት ምልክት እንደሚሆን እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ በመዘግየታቸው ነው። ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ማንም ሰው ዘልሎ ይይዛል። እሳቸው ያወጡትን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንዳለ ትተውት ያዩታል። በከንፈራቸው ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰባት መሰለኝ። ከዚያ ነው እጃቸውን የሚያርሱት። በደረቅ እጅ ዓሣ ነክተው አያውቁም። “ገላው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ልብሱ ነው። በደረቅ እጅሽ ከገፈፍሽው፣ ብትመልሺውም ራቁቱን ነው የሰደድሽው፤ ይታመማል” ይሉኛል። ጨቅላውን ዓሣ አይወረውሩትም፤ ጭንቅላቱን ወደ ማዕበሉ አዙረው፣ በራሱ እስኪሄድ በመዳፋቸው ደግፈው ይጠብቃሉ። መንጠቆውን ውጦት ከሆነ አይጎትቱም፤ አፉ ድረስ ገብተው ክሩን ይቆርጡለታል። እኔ ቆሜ ‘ይህን ሁሉ ለሚጣል ዓሣ?’ እላለሁ በሆዴ።

የማይፈለገው ደግሞ ከሚፈለገው ይበዛ ነበር። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚነፋው አለ፤ እሱን አየር ላይ አያቆዩትም፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ፈትተው ይሰዱታል። “ሥጋው ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ይገድላል” ይሉኛል። እባብ የሚመስለው ሲመጣ ከሩቁ ክር ይቆርጣሉ፤ ሊያላቅቁት አይሞክሩም። ሰፌድ የሚያህለውን ጠፍጣፋውን ጅራታም ደግሞ በበትሩ ሹካ ጅራቱን አሸዋው ላይ ጭነው፣ ሌላውን በራሰው ጆንያ ሸፍነው ነው መንጠቆውን የሚነቅሉት። እየሠሩ አንዱን አባባል ይደጋግሙታል፦ “የማታውቂው ዓሣ እንደማታውቂው ሰው ነው። ሰላም በይው፤ እጅሽን ግን አትስጪው።”

ሦስተኛው ጥርጣሬዬ ግን ዋናው ነው፤ ጆንያው። አንዳንዱ ሳይመለስ እጃቸው ላይ ይሞታል። ማዕበሉ አሸዋ ላይ የተፋው የሞተም ይኖራል። ያንን ሁሉ ለቅመው ጆንያ ውስጥ ይከቱና ወደ ድንጋዮቹ ጀርባ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ጆንያው ባዶ ነው። አንድ ቀን ልከተላቸው ተነሣሁ።

“የት ነው?” አሉኝ ዞር ብለው።

“እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።”

“ቁጭ በዪ። ክርሽን ጠብቂ።” ትንሽ ሄዱና ደግሞ ቆሙ። “አንቺ ልጅ፣ የምትጠብቂው ዓሣውን ነው እኔን?”

“ዓሣውን ነው እንጂ!”

“የአዲስ አበባ ሰው ዓይኑ ትልቅ ነው” አሉ እየሳቁ። “ግን የሰው ጆንያ ነው የሚያየው።”

ፊቴ ቀላ። ጥርጣሬዬ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰበት። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ለምን ይነቃብኛል እያልኩ።

ያ ቀን የመጣው ወሩ በባተ በመጀመሪያው ቀን ነው። የልደታ ቀን ስለሆነ እትዬ ዘነቡ ማኅበራቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ምግብ ቤቱ የሚከፈተው ከሰዓት ነው። እኔ እንደ ልማዴ በማለዳ ዳርቻው ላይ ነኝ። ክሬ ከበደኝ። ስጎትተው አንድ ቀይ ዓሣ ወጣ። እንዲህ ያለ ዓሣ አይቼ አላውቅም፤ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ገላው ቀይና ቡኒ የተረጨበት፣ አፉ ዙሪያ እንደ አሮጌ ዳንቴል የተንጠለጠለ ነገር አለው። አስቀያሚ ነው፣ ግን ወፍራም ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቅርፊት አለው። ክንፍም አለው።

“አትንኪው!” አሉኝ ጋሽ ዑመር ከወዲያ። መጥተው ጎኔ ቆሙ። “ክሩን ቁረጪና በበትር ገፋ አድርገሽ ስደጂው።”

“ኧረ ጋሽ ዑመር፣ ቅርፊት አለው እኮ!”

“ቅርፊት አለው። ክሩን ቁረጪ።”

ሌላ ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ድንጋይ ላይ ያሰሩት የራሳቸው ክር ተወጥሮ መፍተልተል ጀመረ፤ ትልቅ ነገር ይዟል። ወደዚያ ሮጡ፤ ጀርባቸው ዞረ።

እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የሰማሁትን ሁሉ ገጣጠምኩ። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ለሾርባ ቀይ ዓሣ ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄው ቀይ ዓሣ! ለእኔ “ስደጂው” ይላሉ፤ እኔ ስሄድ መልሰው ያወጡታል፤ በጆንያ ለሆቴሉ። እትዬ ዘነቡ ያሉት እውነት ሆነ ማለት ነው። ክሩን ቆረጥኩ። ዓሣውን በበትሩ ገፋሁት፤ ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ባልዲዬ። ላዩ ላይ ነጠላዬን አጣጥፌ ሸፈንኩበት።

“ሄደ?” አሉኝ ተመልሰው ሲመጡ።

“ሄደ” አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ዓሣው ሞቷል። ከሰዓት ለእትዬ ዘነቡ እንደ ማስረጃ ላቀርብ ባልዲውን ማድቤት ጥላ ሥር አስቀመጥኩና በረዶ ልገዛ ወጣሁ። እታለም ጥልፏን ቁጭ አድርጋ ወደ ማድቤት ብቅ ብላ ነበር። ‘ደክሟት መጥታለች፣ ላጽዳላት’ ብላ ነው። ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ቅርፊቱን አየች። ‘የሚበላ ነው’ አለች። ዓሣውን ከጀርባው ያዘችው።

ጩኸቷን በረዶውን ይዤ ከመንገድ ሰማሁ። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ትወዛወዛለች። “እሳት ገባበት! ጥሩ፣ እጄ ውስጥ እሳት ገባ!” አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ዓይኔ እያየ ያብጣሉ። ጋሼ ተፈራ ተረኛ ስላልነበረ ቤት ነው። ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ።

“ይህን ማን ሰጠሽ?”

ዝም አልኩ።

“ማን ሰጠሽ ነው የምልሽ! ያ ሽማግሌ ነው?”

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ አውርቻለሁ፤ የዚያን ቀን ዝምታዬን የሚያህል ግን አልተናገርኩም። ጋሼ ተፈራ አንድ ዘንግ ፌሮ ከግድግዳው አንሥቶ ወጣ። እታለምን ለአንዲት ጎረቤት ትቼ እኔም ከኋላው ሮጥኩ። ‘አይደለም፣ እኔ ነኝ’ ለማለት አፌን ስከፍት ነፋሱ ነው የሚገባበት።

ጋሽ ዑመር ፌሮውን ሲያዩ አልሸሹም። ጋሼ ተፈራ “ሚስቴን ገደልካት!” ሲላቸው፣ ያልጠበቅነውን ጠየቁ።

“ቀለሙ ምንድን ነው?”

“ምን?”

“የወጋት! ቀለሙ?”

“ቀይ” አልኩ እኔ።

ያኔ አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወደ ጋሼ ተፈራ ዞሩ። “ውሃ ጥዳችኋል?” አሉና መልስ ሳይጠብቁ እየሮጡ ፊት ፊታችን ሄዱ። እኒያ ሽማግሌ እንደዚያ ሲሮጡ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም።

ቤት ስንገባ “የእሾሁን መርዝ የሚያደክመው ሙቀት ነው” ብለው ውሃ አስፈሉና በሣፋ ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቀሉት። እታለም እጇን ልትከት ስትል ያዟት። መጀመሪያ የራሳቸውን እጅ ከተቱ፤ ከዚያ የሷን ከራሳቸው ጎን አደረጉ። “የታመመ እጅ ሙቀት አይለይም፤ ይቃጠላል። ጤነኛው ይለይለታል” አሉ። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ሙቅ እያስጨመሩ፣ ሁለቱ እጆች ሣፋው ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ሕመሙ ሲለዝብላት እታለም ማልቀስ አቆመች። “አሁን ሐኪም ቤት ውሰዳት” አሉት ጋሼ ተፈራን። “እሾህ ተሰብሮ ቀርቶ ይሆናል።”

ጋሼ ተፈራ ግን ንዴቱ አልወጣለትም። “ምን ዓይነት ሰው ነህ? ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?” አላቸው።

እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። አሁን ይናገራሉ አልኩ በሆዴ።

“ባልዲዋን ሳላይ ሰደድኳት” አሉ ጋሽ ዑመር። “ጥፋቱ የኔ ነው።”

እንዲህ አሉና እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወጡ። እኔ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ሐኪሙ የእሾህ ስባሪ ከሌባ ጣቷ አወጣ። ጣቷ ቆሰለ፣ መገለ፣ ወር ከምናምን ፈጀ። አውራ ጣቷ ዳነ። ሌባ ጣቷ ግን ሲድን ደርቆ ዳነ፤ እስከ ዛሬ አይታጠፍም፣ ወደ ፊት እንዳመለከተ ነው። መርፌ መያዝ ሞከረች። አንድ ሳምንት ሞከረች። ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጣውን የሙሽራ ጨርቅ በወረቀት ጠቅልላ ለባለቤቶቹ መለሰች። ሐሮቹን በየቀለማቸው ለይታ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ እኔ አጠገቧ ሆኜ ሳጥኑን ያዝኩላት። ሌላ ምን ላደርግላት እችል ነበር? ‘እኔ ነኝ’ ማለት እችል ነበር።

ዳርቻው ላይ የተመለስኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ጋሽ ዑመር ሲያዩኝ በበትራቸው “ነዪ” አሉኝና ወደ ድንጋዮቹ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ ከማዕበሉ መድረሻ በላይ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር፤ ላዩ በከባድ ድንጋይ የተከደነ። ድንጋዩን ገፋ አድርገው አሳዩኝ። አጥንት፣ እሾህ፣ ጅራት።

“የዚህ አገር ፍየል ዓሣ ይበላል” አሉኝ። “ድመት አለ። ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። ዓሣው ቢሞትም እሾሁ አይሞትም።”

“ሆቴሉስ?” አልኩ፤ አፌ አመለጠኝ።

“የቱ ሆቴል?” ገባቸውና ሳቁ፤ ግን ብዙ አይደለም። “እኔ የሆቴሉ ወጥ ቤት በር በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም።”

“ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? ቅርፊት ያለው ሁሉ ደኅና ነው ብዬ ነው እኮ!”

“ቅርፊት የሚበላውን ይነግርሻል። የሚወጋውን አይነግርሽም። ክሩን ቁረጪ ብዬሽ ነበር። ምክንያቱን ከሰደድሽው በኋላ ልነግርሽ ነበር፤ ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ወግ እስክንጨርስ አይጠብቅም።” ድንጋዩን መልሰው ከደኑት። “እኔን መጠርጠርሽ አይደለም ክፉው፤ ሰው ይጠርጠር። ዓሣውን ግን ሳታውቂው አመንሽው።”

ከዚያ በኋላ ለእትዬ ዘነቡ ምንም አላመላለስኩም። “ዓይንሽ ታወረ?” ሲሉኝ “አዎ፣ የባሕሩ ጨው ነው” እላለሁ። ከጋሽ ዑመር ጋር አራት ዓመት አጠመድኩ። ጉድጓዱን እኔ እቆፍር ጀመር። መንግሥት ሲለወጥ ግን እኛም እንደ ብዙው ሰው ያለንን በሻንጣ ከትተን ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። ጋሽ ዑመርን የተሰናበትኳቸው ቆመው ክር እየጠበቁ ነው። “እጅሽን አርሺ” አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው የሰማሁት የለም።

በመንገድ ላይ፣ መኪናው በረሃውን ሲያቋርጥ፣ ጋሼ ተፈራ ከፊት ተቀምጦ እያንጎላጀ፣ እታለም ጭንቅላቷን ወደኔ አስጠጋች።

“ጥሩ።”

“አቤት።”

“የዚያን ጊዜውን ዓሣ… የተሰጠሽ ከሆነ ለምንድን ነው በነጠላ የሸፈንሽው?”

ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ። አልነቀነቀችኝም።

ልደታ ዓሣ ቤት ስገባ የባሕር ዓሣ የለም፤ የሐይቅ ነው፣ የዝዋይ፣ የአርባ ምንጭ። እዚህ ደግሞ የሚጠረጥረው ደንበኛው ሆነ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ብዙ ሰው አይበላውም። ተገፎ ሥጋው ብቻ ሲቀርብ ግን ቅርፊት ካለው ከቆሮሶው ማን ይለየዋል? የፍርድ ቤት ጠበቆች ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ቆመው ይመረምሩኛል። አንዱ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ በየዓርቡ ይመጣ ነበር።

“እማማ፣ ይሄ አምባዛ ላለመሆኑ ምስክር አለዎት?”

“አለኝ፣ ክቡር ጠበቃ። ይኸው ቆዳው ላይ ቆሟል።”

ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቆዳ ከነቅርፊቷ ሳልገፍ እተዋለሁ። ይህን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አቶ ታምራት የቤቱ ደንብ አድርጎታል። አዲስ ለሚቀጠሩት ልጆች ግን ሁልጊዜ እላለሁ፦ ቅርፊቷ ለደንበኛው ኅሊና ናት፤ ለእናንተ እጅ ዋስትና አይደለችም። ሣጥን ሲመጣ እጃችሁን አትክተቱ። ጠረጴዛው ላይ ገልብጡት፣ በእንጨት በትኑት፣ እዩት።

“እማማ ጥሩ፣ ዝዋይ ውስጥ ምን ጭራቅ አለ ብለው ነው?” ይሉኛል እየተሳሳቁ።

አንድ ጠዋት ግን ከቆሮሶ አፍ ውስጥ ሁለት መንጠቆ ከነክሩ ወጣ። እሾሁ እንደቆመ ነው፤ ማንም አላስተኛውም። ልጆቹ ጠጋ ብለው አዩት። ፒንሳ አምጥቼ እያንዳንዱን አስተኛሁና ጣልኩት። የሚጣለውን መንጠቆ ለምን እንደማስተኛው አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ ይህን ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

እታለም አብነት ሰፈር ነው የምትኖረው። ጋሼ ተፈራ ካረፈ ስምንተኛ ዓመቱ ነው። እስኪሞት ድረስ ወሬ ሲነሣ “ያ ሽማግሌ፣ የሚስቴን እጅ የበላ” ይል ነበር። እሷ አታርመውም። እኔም አላርመውም። ሁለታችንም ወደ ጠረጴዛው እናያለን።

አንድ ነገር ግን ነበር። እኔ ይዤ የምሄደውን ማናቸውንም ነገር እታለም በእጇ ተቀብላ አታውቅም። ድንች ይሁን፣ ብርቱካን ይሁን፣ ፌስታሉን ትሪ ላይ ትገለብጠዋለች፤ በማንኪያ እጀታ ገፋ ገፋ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ነው የምትነካው። ከሌላ ሰው ስትቀበል አይቻለሁ፤ ታመሰግንና ትቀበላለች። ልጆቿ “የእማዬ አመል” ይሉታል። እኔ ግን አመል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መኪናው ላይ የጠየቀችኝን ጥያቄ ነው የምትደግመው።

ሽርጤን የፈታሁ ቀን የመጨረሻዋን ቆሮሶ ቆዳዋን ሳልገፍ ራሴ አጸዳሁና በፌስታል ቋጥሬ ወደ አብነት በእግሬ ሄድኩ። እታለም በር ላይ ተቀምጣ ነበር። አይታኝ ተነሣች። ትሪውን አመጣች፤ ማንኪያውን አመጣች።

“ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ቆሮሶ ነው።”

“ማን ሰጠሽ?”

እንዲያው ለወግ ነው የጠየቀችው፤ አቶ ታምራት ለስንብት ሰጥቷት ይሆናል ብላ። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

“ማንም አልሰጠኝም። እታለም፣ የዚያን ቀኑንም ማንም አልሰጠኝም። ስደጂው ብለውኝ ነበር፤ ደብቄ ነው ያመጣሁት።”

ማንኪያውን ትሪው ላይ አስቀመጠች። የፌስታሉን አፍ ፈታችና ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች። ሌባ ጣቷ እንደቀና ዓሣውን አወጣችው፤ ወደ ቧንቧው ይዛው ሄደችና ታጥበው ጀመር።